ዕዝራ ሁለት ጊዜ መዘነ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙዳየ ምጽዋቱ ተከፈተ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ቆጠራ ሲኖር እኔን ይጠራል። ከ35 ዓመት በላይ በሒሳብ ሹምነትና በኦዲተርነት ስለሠራሁ፣ ሌላ ነገር ይችላል ብሎ የሚጠረጥረኝ የለም።

ብሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። እንዲህ ያለ ብር ባንክ ውስጥ አታዩም። ደጋግማ ታጥፋ የአውራ ጣት ጥፍር ያከለች አምስት ብር አለች። ላብ የጠጣ መቶ ብር አለ። ጧፍ የተንጠባጠበበት አሥር ብር አለ። አንዳንዴ ከመሃል የተጣጠፈ ወረቀት ይገኛል። የሰው ልመና ነው። ሳናነበው ወደ ጎን እናደርገዋለን።

አብሮኝ የሚቆጥረው ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው። ጣቱ ከእኔ በእጥፍ ይፈጥናል። ሁለታችንም ጨርሰን ድምሩን ከያዝን በኋላ "በል እንደገና። አሁን አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን" አልኩት። ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ብር እኮ ነው። በቤቱ ተቀምጠን ሁለት ጊዜ ስንቆጥር አለመተማመን አይሆንም?"

ጥያቄው የዋህ ጥያቄ ነው። እዚያው መከራከር ስላልፈለግኩ "ቁጠር ባክህ" ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ስገባ ግን አልለቀቀኝም። እናም ይህን ጻፍኩ፤ ለእሱም፣ እንደ እሱ ጠዋት ጸልያችሁ ቢሮ ለምትገቡ ሁሉ።

መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 8ን አውጡ። ስምና ቁጥር ስለበዛበት ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለሙያዬ የተጻፈ ምዕራፍ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

ዕዝራ በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን ሰው ይዞ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊወጣ ነው። ለቤተ መቅደሱ የተሰጠ ብርና ወርቅም ይዟል። መንገዱ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የሚያደባ ጠላትም አለበት። ንጉሡን ወታደርና ፈረሰኛ ቢጠይቅ ያገኝ ነበር። ግን አፈረ። ምክንያቱን ራሱ ይነግረናል። የአምላካችን እጅ ከሚፈልጉት ጋር ናት ብሎ ለንጉሡ አውርቶ ነበር። ይህን የተናገረ ሰው ተመልሶ እንዴት ዘበኛ ይለምናል? ስለዚህ አኅዋ ወንዝ ዳር ሰፍረው ጾሙ፣ ጸለዩ።

እስከዚህ ያለውን በስብከት ሰምታችሁት ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን እዩ። ዕዝራ ሚዛን አስመጣ። ከካህናቱ አለቆች 12 ሰው ለየና እየመዘነ አስረከባቸው። 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት የብር ዕቃ፣ 100 መክሊት ወርቅ፣ 20 የወርቅ ጽዋ፣ እንደ ወርቅ የከበሩ 2 የናስ ዕቃዎች። አንዱን መክሊት 30 ኪሎ ብናደርገው ብሩ ብቻ 195 ኩንታል ይመጣል። በዛሬ ኤፍኤስአር ቢጫን አንድ መኪና አይበቃውም።

ሲያስረክባቸው ደግሞ "እናንተ ለእግዚአብሔር የተቀደሳችሁ ናችሁ፣ ዕቃዎቹም የተቀደሱ ናቸው" አላቸው። ቅዱሳን ብሎ በጠራበት አፉ "ኢየሩሳሌም ገብታችሁ በአለቆቹ ፊት እስክትመዝኑት ድረስ ጠብቁ" አለ። ሳይደባበቅ፣ ሳይተፋፈር። ደርሰው ሦስት ቀን ዐረፉ። በአራተኛው ቀን ሁሉም በቁጥርና በሚዛን ተመዘነ፣ ክብደቱም ተጻፈ። እኛ ይህን ርክክብ እንለዋለን። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች) ፈርሞ የሚያውቅ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ቤቱ የገባ ይመስለዋል።

ለወታደር ያፈረው ዕዝራ ለሚዛን አላፈረም። እኔ ወጣት ሳለሁ ተገላቢጦሽ ነበርኩ።

1976 ዓ.ም. ነው። ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ደሞዜ 347 ብር። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና የእድሳት ኮሚቴ ተቋቋመ። "ልጁ ሒሳብ ተምሯል" ተብዬ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ከኮሚቴው አንዱን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የማየው። መርካቶ ወርዶ ቆርቆሮና ምስማር እንዲገዛ 900 ብር ቆጥሬ በእጁ ሰጠሁት። "ፈርምልኝ" ልለው አስቤ ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ነውር መሰለኝ። በታቦቱ ደጅ፣ ከወንድሜ ጋር፣ ምን ፊርማ ይባላል?

ዋጋ ጨምሮ ስለነበር ሳይገዛ ተመለሰ። ብሩን መልሼልሃለሁ አለ። እኔ ደግሞ ሲመልስልኝ ትዝ አይለኝም። ሒሳቡ ሲዘጋ 900 ብር ጎደለ።

ሽማግሌ ፊት ቀረብን። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልወሰድኩም" አልኩ። እሱም ያንኑ ቃል አለ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው፣ ዓይናቸው የደከመ አባት፣ መቋሚያቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩና "ልጆቼ፣ እግዚአብሔርማ ያውቃል። እኛ ነን የማናውቀው" አሉን።

በወር 30 ብር እየከፈልኩ በሁለት ዓመት ተኩል ዘጋሁት። ብሩ አይደለም የሚቆጨኝ። ያ ሰው ሰላምታ ነሣኝ፣ ቆይቶም ደብር ቀየረ። ዛሬ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ ብሩን መልሶልኝ ይሆናል እላለሁ። ተቀብዬ ለአናጢው ከፍዬው ይሆናል። ወይ ደግሞ አልመለሰም። ማጣራት የምችልበት ነገር የለኝም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት አጥተን ሁለት ሰዎች ሳንነጋገር አረጀን። እሱ ከጥቂት ዓመት በፊት ዐረፈ። ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ ወጣሁ።

የዕዝራ ሚዛን ለሌባ የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳነበው የታዩኝ ተሸካሚዎቹ ናቸው። አራት ወር ሙሉ ወርቅ ታቅፎ የሄደ ካህን ኢየሩሳሌም ሲገባ አንድ ሰው "መንገድ ላይ የቀረ የለም?" ብሎ ቢያንሾካሹክበት በምን ይመልሳል? ዕዝራ መልሱን ጽፎ ሰጥቶታል። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈ። ይህን ጥቅስ ሳነብ የእኚያ አባት ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

ስለ ሙዳየ ምጽዋትም ካነሣን ሁለተኛ ነገሥት 12ን እዩት። ንጉሥ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ ከሚገባው ገንዘብ እንዲጠግኑ ካህናቱን አዘዘ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ሲታይ አልተጠገነም። እንደ ኦዲተር አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ ሰረቁ አይልም። ሥራው አልተሠራም ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ያለውን ነው። ካህኑ ዮዳሄ ንግግር አላበዛም። ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ቆጥረው በከረጢት ያስሩታል። ከቤተ መንግሥት አንድ፣ ከቤተ መቅደስ አንድ! ይህን ዘዴ እኛ በኮሌጅ አዲስ ነገር መስሎን ነው የተማርነው።

(ዮሴፍ ግን በግብፅ እህሉ እንደ ባሕር አሸዋ ሲበዛበት መስፈሩን ተወው ይላል ዘፍጥረት። እዚያ ጋ ስደርስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በረከት ሲበዛ እንደዚያ ነው መሰለኝ።)

አሁን ቢሮ ወዳላችሁት ልምጣ። ዳንኤልን ሁላችሁም ከአንበሶቹ ጋር ነው የምታውቁት። ከአንበሶቹ በፊት ምርመራ እንደነበር ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ዳርዮስ 120 መሳፍንት ሾመ፣ በላያቸው ሦስት አለቆች አደረገ። አንዱ ዳንኤል ነው። ሥራቸው ንጉሡ እንዳይጎዳ መሳፍንቱን መቆጣጠር ነበር። የቀኑበት ሰዎች በመንግሥት ሥራው ሰበብ ፈለጉበት። አገላበጡ። ስህተትም በደልም አጡበት። በመጨረሻ በአምላኩ ሕግ ካልሆነ በምንም አንይዘውም ብለው ተስፋ ቆረጡ። በቀን ሦስት ጊዜ በተከፈተ መስኮት ፊት የሚንበረከከው ሰው መዝገቡም የጠራ ነበር። መስኮቱን ብቻ ከፍተን መዝገቡን የምንዘጋ ስንት ነን!

ሌላም ነገር ከእሱ ውሰዱ። ወጣት ሳለ የንጉሡን ማዕድ አልበላም ብሎ ልቡ ቆርጧል፣ ግን ጠረጴዛ አልገለበጠም። መጀመሪያ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። ሰውየው ንጉሡ ዘንድ በራሴ ታስፈርድብኛለህ ብሎ ፈራ። ዳንኤል አልተቆጣም። ወረድ ብሎ ተቆጣጣሪያቸውን "10 ቀን ፈትነን" አለው። የሰውየውን ፍርሃት አይቶ የሚቻል መንገድ ሰጠው።

አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አለቃዬ ዕቃው ሳይገባ ክፍያ እንዳሳልፍ ጠየቀኝ። ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ጀግና አይደለሁም። "እሺ ጌታዬ፣ ብቻ ለፋይሉ እንዲመች ትእዛዙን በደብዳቤ ይስጡኝ" አልኩት። በአክብሮት ነው ያልኩት። ደብዳቤው ሳይመጣ ቀረ፣ ክፍያውም ተረሳ። ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ ያልፋል አልላችሁም። ሌላ ጊዜ እድገት ቀርቶብኛል።

ቆጠራን ይህን ያህል ካመሰገንኩ ዳዊትን ሳላነሣ ባልፍ ሒሳቤ ጎዶሎ ይሆናል። ዳዊት ሕዝቡን አስቆጠረ፣ ኃጢአትም ሆነበት። ኢዮአብ እንኳ፣ ያ ደም የማይከብደው ኢዮአብ፣ ምነው ጌታዬ ይህን ወደደ ብሎ ተከራከረው። ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ዞረው 800 ሺህ ከእስራኤል፣ 500 ሺህ ከይሁዳ ብለው መጡ። (ዜና መዋዕል የያዘው ቁጥር ከዚህ ይለያል። እሱን ማስታረቅ ለሊቃውንቱ ይቅር፤ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ።) ዕዝራ የቆጠረው በአደራ የተቀበለውን ነው፣ ለማስረከብ። ዳዊት የቆጠረው የኔ የሚለውን ነው፣ ለማየት። መዝሙር ለጥፋችሁ ስንት ሰው አየው ብላችሁ በየአምስት ደቂቃው ስልክ የምትከፍቱ ልጆች፣ ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳላችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔም የልጅ ልጄን ፎቶ ለጥፌ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

የመጨረሻው ሰው ለእኛ የሚቀርበን ነው፣ የሕንደኬ ጃንደረባ። ሕንደኬ የማዕረግ ስም ነው። የታሪክ ሰዎች በዛሬዋ ሱዳን ከነበረችው ከጥንቷ መርዌ ንግሥታት ጋር ያያይዙታል። ሰውየው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው፤ የሙያ ባልደረባዬ ብዬዋለሁ። ከኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ደርሶ ሰምቶታል። "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" አለው። ያ ሁሉ ሀብት በእጁ ያለ ሰው፣ በአቧራ ለተሸፈነ እግረኛ፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ መለሰ። ከዚያም ውጣና አጠገቤ ተቀመጥ አለው። እኔ "አልገባኝም፣ አስረዳኝ" ማለት የቻልኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስንት ስብሰባ አንገቴን እየነቀነቅኩ ሳይገባኝ እንደወጣሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ልጁ መጀመሪያ የያዘው ድምር 14,365 ብር ነበር። እየተለዋወጥን ስንቆጥር 14,375 መጣ። "አሥር ብር ናት ጋሼ፣ ከኪሴ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ሦስተኛ ጊዜ ተቀመጥን። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል፣ ቁርስ አልቀመስንም። የአሥር ብሩን እስር አንድ በአንድ ሲገልጥ አንዷ ላይ ጣቱ ቆመ። ወፈር አለችበት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራትና በጥፍሩ ጫፏን ፈለቀቃት። የጧፍ ሰም ያጣበቃቸው ሁለት አሥር ብሮች ነበሩ።

ምንም አላለም። እስክሪብቶውን አንሥቶ 14,375 ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው።