በየማለዳው አንድ ሲኒ ውሃ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የለመድኳቸው ናቸው። የስንዴ ዋግ፣ የዶሮ ፈንግል፣ አላፈራ ያለ አቮካዶ። አንዱ ግን ለየት አለብኝ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ስወጣ ልጄ በሸክላ ሳህን የተተከለች ትንሽዬ የጥድ ቦንሳይ ገዝታ አመጣችልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ በየማለዳው አንድ ሲኒ ውሃ አጠጣታለሁ። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ሦስት ወር ሳይሞላት ቅጠሏ ደበዘዘ፤ ጫፍ ጫፏም ቡናማ ሆነ። ዩሪያ ቆንጥሬ ብሰጣት ባሰባት። ምን አጠፋሁ? ከአገር ቤት ያመጣሁት የወይራ ችግኝም አለኝ። እሱንስ ቦንሳይ ማድረግ ይቻላል?»

ጋሼ፣ የወይራው ጥያቄ ደስ የሚል መልስ አለው። ግን የታመመው ይቅደም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቦንሳይ የሚባል የዛፍ ዘር የለም። ቃሉ የጃፓን ነው። «ቦን» ጎድጓዳ ሳህን፣ «ሳይ» ደግሞ ተክል ማለት ነው። ጥበቡ ራሱ ወደ ጃፓን የገባው ከቻይና ነው። ሳህን ላይ ያለችው ጥድ ያው ጥድ ናት። ትንሽ ሆና የቀረችው ሥሯና ቅርንጫፏ እየተከረከመ ነው እንጂ በተፈጥሮዋ ድንክ ስለሆነች አይደለም። ተራራ ላይ የቆመ ጥድ የሚፈልገውን ሁሉ ትፈልጋለች። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ የሌሊት ብርድ። እኛ ግን ትንሽ ስለሆነች እንደ አበባ ማስቀመጫ እናያታለን፤ ቴሌቪዥን አጠገብም እናኖራታለን።

ሳሎንዎ ብርሃን እንዳለው አልጠራጠርም። ግን የሰው ዓይን ያታልላል። ለእኛ ወገግ ያለ ክፍል ለጥድ ጨለማ ነው። ብርሃን ያጣ ቅጠል ምግቡን መሥራት አይችልም፤ ዛፉ ያጠራቀመውን እየበላ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ያልቅበታል። በዋሽንግተን የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከ1625 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሳህን ሲያድግ የኖረ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከረጅም አጥር ጀርባ ነበር። ተርፎ በ1976 በስጦታ ወደ አሜሪካ ሄደ። ያን ሁሉ ዘመን የኖረው ታዲያ ሳሎን ውስጥ አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ነው።

ስለዚህ ጥድዎ ወደ በረንዳ ትውጣ። ግን በአንድ ቀን አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ጥላ ለለመደ ቅጠል ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የጠዋት ፀሐይ ብቻ ታግኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩላት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነፋሱ ሳህን ይገለብጣል፤ በሲባጎ ከበረንዳው ብረት ጋር ይሰሩልኝ። በክረምት በረዶ ሲጥል ብቻ ከጣሪያ ሥር ያስጠጓት።

አሁን ወደ ሲኒው። እውነቱን ልንገርዎት፣ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። አንድም ቀን ሳይረሱ! አብዛኛው ቦንሳይ የሚሞተው ግን በመረሳት ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ባለ ታማኝነትም ነው።

አንድ ሲኒ ውሃ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ያመጣል። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ውሃው ላይ ላዩን አርሶ ይቀራል፤ ታች ያለው ሥር ጠብታ አይደርሰውም። አፈሩ ገና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሲኒው በሲኒ ላይ ይደራረባል፤ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ሥርም ይተነፍሳል፣ ጋሼ። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ቅጠሉ ሲደርቅ ያየ ሰው «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ቀን አይቁጠሩ፣ አፈሩን ይጠይቁ። ጣትዎን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ። ወይም ስቴኪኒ ሰክተው አሥር ደቂቃ ቆይተው ያውጡት። እርጥብ ሆኖ ከወጣ ዛሬ አያጠጡ። ደረቅ ወደ መሆን ከቀረበ ያጠጡ፤ ሲያጠጡ ግን ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ፣ ትንሽ አረፍ ብለው እንደገና። በበጋ ነፋስ በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል። በሐምሌ ዝናብ ደግሞ ለሳምንት አንድም ቀን ላይፈልግ ይችላል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንዲት ጀሪካን ለእሷ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱም ለጎረቤት ሲኒ አይስጡ፤ ጣት ማስገባቱን ያሳዩ።

«ከሥር ባለው ቀዳዳ» ስል ግን ከላኩልኝ ፎቶ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አፈሩ ላይ ያለው ጠጠር እርስ በርሱ የተጣበቀ ይመስላል። ነጋዴዎች በመንገድ እንዳይፈስ በሙጫ ይይዙታል። ውሃውን ወደ ጎን እያንሸራተተ ያስወርደዋል፤ ቀስ ብለው ፈልቅቀው ያንሱት። ሳህኑንም ያጋድሉና ታቹን ይዩ። ቀዳዳ ከሌለው ዛሬ ነገ አይበሉ። ዛፏን ከነአፈሯ እንዳለች አንስተው ሳህኑን በድሪል ሁለት ቦታ ይብሱት፣ ቀዳዳው ላይ የመስኮት ወንፊት ቁራጭ አድርገው መልሰው ያስቀምጧት። ሥሯን አሁን አይንኩ። የታመመ ዛፍ ሥር መቁረጥ በሽተኛን ከአልጋ አውርዶ ማስሮጥ ነው።

ዩሪያው ደግሞ፣ እባክዎ አይድገሙት። ገበሬው ለማሳው በሄክታር 100 ኪሎ ቢጨምር በአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ነው። ሳህንዎ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድርሻው 0.3 ግራም ብቻ ይሆናል። በሁለት ጣት የሚቆነጠረው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ማሳው ላይ እንኳ ጥልቅ አፈር አለ፣ ከፋፍሎ መስጠትም አለ። ሳህን ውስጥ ግን መሸሻ የለም፤ የማዳበሪያው ጨው ከሥሩ ውሃ ይስባል። ማዳበሪያ ለሚያድግ ዛፍ ምግብ ነው፣ ለታመመ መድኃኒት አይደለም። ከቀዳዳው እስኪወርድ ደጋግመው በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ከዚያ አዲስ ጫፍ እስክታወጣ ድረስ ምንም አይስጡ።

ትድናለች ወይ? ጥድ ተንኮለኛ ነው። ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ዛሬ የሚያዩት ቡናማ የዛሬ ሳይሆን ያለፈው ወር ጥፋት ነው። ግንዷን በጥፍርዎ ትንሽ ይፋቁ። ከልጣጩ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ካለ ተስፋ አለ። ቅርንጫፍ ሲከረክሙም ይጠንቀቁ። ጥድ ሙሉ በሙሉ ቅጠሉን ከገፈፉት አሮጌ ቅርንጫፍ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። ሁልጊዜ ጥቂት አረንጓዴ ይተዉ።

አንድ ነገር ደግሞ ይሞክሩ። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ቅርንጫፉን መታ መታ ያድርጉ። ወረቀቱ ላይ የበርበሬ ብናኝ የሚያክሉ ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ደረቅና ነፋስ የማይገባበት ሳሎን ይመቸዋል። በውሃ ግፊት ማጠብ፣ ካልበቃም ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ በየአምስት ቀኑ ደጋግሞ መርጨት ነው። የቅጠሉን የታችኛውን ወገን አይርሱ።

ወደ ወይራው እንምጣ። ይቻላል ብቻ ሳይሆን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዛፍ አላውቅም። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ይህንኑ የእኛን ዓይነት የዱር ወይራ አብዝተው ይጠቀሙበታል። ቅጠሉ ትንሽ ነው። ግንዱ ሲያረጅ መልክ ያወጣል። ጨክነው ቢቆርጡት እንኳ ከአሮጌው እንጨት ያቆጠቁጣል፤ ጥድ የማያደርገውን ማለት ነው። አንድ ቀን ውሃ ቢያመልጠውም ይቅር ይላል።

ታዲያ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። እርሳስ የመሰለ ችግኝ ወስዶ በቀጥታ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይተክላል። ሳህን ላይ ግንድ አይወፍርም ማለት ይቻላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ያው እርሳስ ነው። ግንዱ አውራ ጣትዎን እስኪያክል ድረስ በትልቅ ባልዲ ወይም ግቢ ካለ መሬት ላይ ይደግ። ሦስት፣ አራት ዓመት። ቅርንጫፉን እያሳጠሩ፣ እያሳደጉ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው መቼም!

አፈሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ጥቁር አፈር ለጤፍ ይሁን። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሳህን ውስጥ ሥር ያፍናል። ጃፓኖች የራሳቸው የተጠበሰ የሚመስል የሸክላ ጠጠር አላቸው። እኛ ደግሞ እግዚአብሔር የእሳተ ገሞራ አገር ሰጥቶናል። ለመንገድ የሚደለደለው ሬድ አሽ፣ ብሎኬት ቤት የሚገኘው ፑሚስ፣ ሁለቱም ውሃ እየያዙ አየር ያሳልፋሉ። በወንፊት ነፍተው ምስር የሚያክለውን ያስቀሩ። ዱቄቱን ይጣሉት፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። ከሁለቱ እኩል እኩል፣ በላዩ አንድ እጅ የበሰለ የተነፋ ኮምፖስት። በቃ።

ከባልዲ ወደ ሳህን የሚዛወርበት ጊዜ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር ነው፤ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። ከሥሩ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ። ከዛወሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጥላ፣ ለስድስት ሳምንት ማዳበሪያ የለም።

ቅርጽ ማስያዣ ሽቦ ሲጠመጥሙ ደግሞ የኔን አይድገሙ። ቤቴ ያለችውን ፋይከስ በሰኔ ጠምጥሜላት ሥራ በዛና እስከ መስከረም ረሳኋት። ክረምቱ አወፍሯት ሽቦው ልጣጯን ቆርጦ ገብቶ ነበር። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። በየሳምንቱ ይዩት። ሲጠብቅ ደግሞ ለመፍታት አይታገሉ፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ በየቦታው በፒንሳ ቆራርጠው ያውጡት።

የጥዷን ግንድ ፍቀው አረንጓዴ ካገኙ ፎቶ ይላኩልኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናያለን። ቡናማና ደረቅ ካገኙ ደግሞ ሳህኑን አይጣሉት። በስተው ያስቀምጡት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለወይራው ይሆናል።