«ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ለምትሉኝ ልጆቼ

አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ከወጣቶች የምሰማው ነገር አንድ ነው። «ጋሼ፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ።» ወዴት ስል «አውሮፓ» ይላሉ። የትኛው አገር? «ጀርመን ሳይሆን አይቀርም፣ ካልሆነም ፖላንድ።» በምን ዓይነት ቪዛ? «እሱን እንኳ ሰውዬው ነው የሚያውቀው።» ሰውዬው ማለት ደላላው ነው። ቀብድ ተቀብሏል፣ አንዳንዴም ፓስፖርቱን ይዟል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጀርመን ውስጥ በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲቀጥር ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከቀጣሪው ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው። በሙያው መሄድ ለሚፈልግ ሰው፣ ደላላ አውቆት እናንተ ልታውቁት የማትችሉት ነገር የለም። ነገሩ በሦስት ሰዎች እጅ ነው። በቀጣሪው፣ የትምህርት ማስረጃችሁን በሚመዝነው መሥሪያ ቤትና በኤምባሲው። ሦስቱም ደንባቸውን በይፋ ያወጣሉ። ለደላላ ያሰባችሁትን ብር ለቋንቋ ትምህርት ክፈሉበት።

በመጀመሪያ ሁለት ቪዛ አታምታቱ። ሸንገን የሚባለው ለአጭር ጉብኝት ነው፤ ቢበዛ 90 ቀን፣ ሥራም አያሠራም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ያጠበቀው ይህንን ነው። መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። የሥራ ቪዛ ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ የሚሰጠው ሌላ ቪዛ ነው። «በቱሪስት ግባና እዚያው ሥራ ፈልገህ ትቀይረዋለህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዙትና ተለያዩ።

የማውቀው ጀርመንን ነውና ረዘም አድርጌ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ዲግሪ ላለው ሰው ዋናው መንገድ ብሉ ካርድ የሚባለው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሙያችሁን የሚመጥን የሥራ ውል ያስፈልጋል። ደመወዙም በሕግ ከተቀመጠው ወለል በታች መሆን የለበትም። ወለሉ በየጥር ይስተካከላል። ለ2026 የፈረንጆች ዓመት 50,700 ዩሮ ነው፤ እጥረት ላለባቸው ሙያዎችና ከተመረቁ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ 45,934 ዩሮ ገደማ። ይህ የዓመት ደመወዝ ነው፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። ብቻውን የሚኖር ሰው ከዝቅተኛው ወለል ላይ በወር እጁ የሚገባው 2,500 ዩሮ አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አለ። ቤተሰብ ግን ዩሮውን በብር አባዝቶ እናንተን ሀብታም ያደርጋችኋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

ኮድ ለምትጽፉ ልጆች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአይቲ ሙያ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሦስት ዓመት ደህና ልምድ ያለው ሰው፣ ዲግሪ ባይኖረውም ብሉ ካርድ ሊያገኝ ይችላል። ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ይሠራለታል።

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ ቻንሰንካርተ ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለ ሥራ ውል ገብቶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ ለመፈለግ የሚያስችል ካርድ ነው። በአገሩ ዕውቅና ያለው የትምህርት ማስረጃና መነሻ ቋንቋ (ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2፤ የቋንቋ ደረጃ ከዝቅተኛው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ነው የሚለካው) ያለው ሰው ቢያንስ ስድስት ነጥብ ማምጣት አለበት። እስቲ እናስላው። ዕድሜዋ 27 የሆነ፣ ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት በሙያዋ የሠራች ልጅ እንውሰድ። ከ35 ዓመት በታች በመሆኗ 2 ነጥብ ታገኛለች፣ በልምዷ 2። ጀርመንኛዋ ቢ1 ከሆነ ሌላ 2፤ ስድስት ሞላ። ጀርመንኛ ትታ እንግሊዝኛዋ ሲ1 ደረጃ ቢሆን የምታገኘው 1 ብቻ ነው። ሙያዋ እጥረት ካለባቸው ካልሆነ በአንድ ነጥብ ትቀራለች።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ለአብዛኞቻችሁ ቻንሰንካርተን አልመክርም። ለዓመቱ መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። በ2025 ስሌቱ በወር 1,091 ዩሮ ነበር፤ ለዓመት ከ13,000 ዩሮ በላይ ማለት ነው። የአባቱን ቤት አሲዞ ይህን የሚያዘጋጅ ልጅ አይቻለሁ። ካርዱ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ያሠራል፣ ዓመቱም ሮጦ ያልቃል። ማመልከቻ ከቤታችሁ ሆናችሁም መላክ ትችላላችሁ፤ ቃለ መጠይቁ ዛሬ በቪዲዮ ነው።

ይልቅ አውስቢልዱንግን አትናቁት። ሥራ ላይ ሆኖ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ባብዛኛው ጀርመንኛ ቢ1 ይጠይቃል። እየተማራችሁ ትከፈላላችሁ። በነርስነት ሥልጠና በብዙ ቦታ ክፍያው ገና ከመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው። «ዲግሪ ይዤ እንደገና ተማሪ ልሁን?» የሚል ኩራት እንዳለ አውቃለሁ። ዲግሪያችሁ አውሮፓ ውስጥ ገበያ በሌለው ሙያ ከሆነ ግን እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን አላመነታም።

ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች፣ ይችን ክፍል ደግማችሁ አንብቧት። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን አገሮች ዝርዝር አውጥቷል። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ጀርመን በዚህ ምክንያት፣ ከእነዚህ አገሮች ነርስ የመመልመሉን ሥራ ለፌዴራል የሥራ ኤጀንሲዋ ብቻ ነው የፈቀደችው። እንግሊዝም ኢትዮጵያን በቀይ ዝርዝሯ ውስጥ አስገብታለች፤ ኤጀንሲዎች እዚህ መጥተው እንዳይመለምሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን እናንተ ራሳችሁ በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንዳታመለክቱ አይከለክልም። ቦሌ ላይ ቢሮ ከፍቶ «ለጀርመን ሆስፒታሎች ነርስ እንመዘግባለን» የሚል የግል ድርጅት ብር ሲጠይቃችሁ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሠራ ጠይቁት። ፊቱን አስተውሉ።

ጀርመን ውስጥ የነርስ ማስረጃ የሚመዝነው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ትምህርታችሁ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ ያንን በተጨማሪ ሥልጠና ወይም በፈተና ታሟላላችሁ። ጀርመንኛው በአብዛኛው ቢ2 ነው። ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። በሽተኛ አሞኝ ሲላችሁ በምልክት አይሆንም።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ሆላንድ በዋናው የሠለጠነ ባለሙያ መንገድ ሰው ማስመጣት የሚችለው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የታወቀ ቀጣሪ ነው፤ የቀጣሪዎቹ ስም ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። ሥራ ሰጠናችሁ የሚላችሁ ድርጅት እዚያ ከሌለ በዚህ መንገድ ሊያስመጣችሁ አይችልም። አየርላንድ እንግሊዝኛ ይበቃታል፣ እጥረት ላለባቸው ሙያዎች የተለየ ፈቃድ አላት፣ የትዳር ጓደኛም አብሮ መጥቶ መሥራት ይችላል። ስዊድን በኅዳር 2023 ደመወዙ ቢያንስ የአገሪቱ መካከለኛ ደመወዝ 80 በመቶ እንዲሆን ደነገገች፤ ደንቡ እየጠበቀ ስለሚሄድ በምታመለክቱበት ቀን ያለውን እዩ። እንግሊዝ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ወዲህ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች ከውጭ አዲስ ቅጥር ዘግታለች። ዛሬም ግን «የኬር ቪዛ» እያሉ የሚሸጡ አሉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንጉን ጨርሳችሁ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን አውጡ። ቴምፖራሪ ይዞ ቀጠሮ መያዝ አይሆንም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም ወር ሊፈጅ ይችላል። ጀርመን ለምትሄዱ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ አናቢን በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ኤች ፕላስ የሚል ምልክት (ዕውቅና አለው ማለት ነው) እንዳለው እዩ። በነጻ ነው የሚታየው። በተለይ የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ከመመዝገባችሁ በፊት ብታዩት ጥሩ ነበር።

የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በልደት ሰርተፍኬት አንድ ይሁን። አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ከሆነ፣ ለጀርመን ፋይል ያዥ ሁለት ሰው ናችሁ። አሁኑኑ አስተካክሉ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንም እዩት። የኛ አገር ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ ሠርተዋል» ብሎ ያበቃል። ጀርመኖች ከዚያ ምንም አያገኙበትም። ምን ሠራችሁ? በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ሶፍትዌር? ስንት ኪሎቮልት መስመር ላይ? ያንን ጨምራችሁ አስጽፉ። ቀኑንም ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይቀይሩላችሁ። አንድ ጊዜ ከ2010 እስከ 2013 የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ባልደረቦቼ ልጁ ያኔ ሠርቶ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ መስሏቸው ወደ ጎን ሊያደርጉት ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያወቅሁት እኔ ሐበሻ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ቻንሰንካርተ ላይም የልምድ ነጥብ የሚቆጠረው ከቅርብ ዓመታት ወደ ኋላ ነው፤ ቀኑ ካልተቀየረ ነጥቡም ይበላል።

ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ የምላችሁ በምክንያት ነው። ድሮ የጀርመን ኤምባሲ ቪዛ ሲከለክል፣ በደብዳቤ ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻል ነበር። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ደብዳቤውን ከአለቃችሁ የምታስጽፉት ደግሞ ሥራውን ሳትለቁ፣ ፊታችሁን እያየ ሳለ ነው። ክሊራንስ ከወሰዳችሁ በኋላ ማን ያስታውሳችኋል?