ለአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ የሚበቃ የወንድ ልብስ

ወንድሜ፣ እኅትህ በሐምሌ ወር ከሮም አቅራቢያ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ ጄኖቫን፣ ማርሴይን፣ ባርሴሎናንና ፓሌርሞን አካልሎ ከሳምንት በኋላ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ላይ ቦታ እንደያዘችልህ ገልጸህ፣ «ገንዘብ ሳልበትን፣ ከሰው ፊትም ሳላፍር ምን ልብስ ልያዝ?» ስትል የጠየቅኸውን አነበብሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሮም የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋብዞኝ በተመሳሳይ መስመር ስለተጓዝሁ፣ በመጀመሪያው ቀንም በልብስ ጉዳይ ስለተቸገርሁ፣ የማውቀውን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ። የድሬ ልጅ ስለሆንህ «አንተ» ብልህ እንደማትቀየመኝ አምናለሁ።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንስተው ወቅቱን ነው። ሐምሌ ለእኛ ክረምት ቢሆንም በሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን ዝናብ እምብዛም የማይታይበት፣ ፀሐይ የምትበረታበት የበጋ እኩሌታ ነው። ሙቀቱ ለድሬ ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ በሰኔ እኩለ ቀን ቀፊራ ገበያ የቆመ ሰው የባርሴሎናን ፀሐይ አይፈራም። የሚለየው እርጥበቱ ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ በመሆኑ ላብ ወዲያው ይተናል፤ በባሕር ላይ ግን ሸሚዙ ከጀርባህ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ መርከቡ ስለሚጓዝ በሰገነቱ ላይ ነፋሱ ይበረታል፣ የመመገቢያ አዳራሾቹም በማቀዝቀዣ ስለሚቀዘቅዙ እጅጌ ጉርድ ለብሶ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው መንቀጥቀጡ አይቀርም። ስለዚህ የምትይዘው ልብስ አየር የሚያስገባና አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ይሁን።

ከቀለሙም ከሞዱም በፊት ጨርቁን ምረጥ። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ብትገባ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ በርካሽ ታገኛለህ፤ ነገር ግን አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ፖሊስተር ደግሞ ላብ አይመጥም፣ ሽታም ይይዛል። ጥጥ ወይም ሊነን ፈልግ። ሊነን እኛ ቆልተንና ወቅጠን ለጾም የምንበጠብጠው የተልባ ተክል ግንዱ ከሚሰጠው ጭረት የሚፈተል ጨርቅ ሲሆን፣ እርጥበትን ቶሎ መጥጦ ቶሎ ስለሚደርቅ ለባሕር አየር የሚስተካከለው አላገኘሁም። መጨማደዱ አያሳስብህ፤ ሊነን ለባሾች ጭምድዱን የጨርቁ ጠባይ አድርገው ይቀበሉታል። ለሱሪ ግን ጥጥ የተቀላቀለበትን እመርጣለሁ፤ ንጹሕ የሊነን ሱሪ ገና ከምሳ በፊት ጉልበቱ ላይ ይንዠረገጋል።

እኔ ሸሚዞቼንና ኮቴን ያሰፋሁት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ነው። ስሙን ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ያገኘውን ይህን ጠባብ መንገድ ሳታውቀው አትቀርም። የሰፉልኝ አዛውንት ይዤላቸው የሄድሁትን ክሬም መልክ ያለው ጨርቅ ጫፉን በጡጫቸው ጨብጠው፣ አሥር እስኪቆጠር ያህል ቆይተው ለቀቁትና እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ቀጥለውም ወደ በሩ ወጥተው በፀሐይ ላይ ዘረጉት፤ የጣቶቻቸው ጥላ በስሱ ይታይ ነበር። «ይህ ይተነፍሳል፤ ግን መቀስ ሳይነካው ውሰድና አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ አድርቀህ አምጣው» አሉኝ። ሳይታጠብ የተሰፋ ጥጥና ሊነን በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ልክ የነበረው እጅጌ ከእጅ አንጓ በላይ ይቀራል። ኮቱንም ያለ ትከሻ ድልዳል፣ ገበሩን እስከ ጀርባው እኩሌታ ብቻ አድርገው ሰፉልኝ። ማቀዝቀዣ ባለበት አዳራሽ ብርዱን ይከለክላል፣ በሰገነት ላይም አያፍንም፤ ዛሬም ለሠርግ የምለብሰው እርሱን ነው። በዋጋ ረገድም ቢሆን ልክህ ተለክቶ የተሰፋ አንድ ቀላል ኮት ከሦስት የሱቅ ሸሚዝ የበለጠ መልክ ይሰጥሃል፤ ሰው ዘንጧል የሚባለው በመጀመሪያ ትከሻውና የሱሪው ርዝመት ልክ ሲሆን ነውና።

በቀለም ግን ቁጥብ ሁን። ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭና ካኪ ቢበቃህ የትኛውም ሸሚዝ ከየትኛውም ሱሪ ጋር ይሄዳል። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ ሁለት ሱሪና አራት ሸሚዝ ብቻ እያፈራረቀ ይለብስ ነበር፤ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ሲያልፍ ግን ልብሱ ብዙ ይመስል ነበር፣ ምክንያቱም የማይስማማ ነገር አልነበረውም። ከፈለግህ አንድ ደመቅ ያለ ሸሚዝ ጨምር፤ ለጥቁር ሰው ቆዳ ደማቅ ቢጫና የሸክላ ቀይ እጅግ ያምራሉ። ለእኔ ለሳምንቱ የበቃኝ ሦስት ሱሪ፣ ከጉልበት ጥቂት ከፍ የሚሉ ሁለት ቁምጣዎች፣ ሦስቱ ሙሉ እጅጌ የሆኑ አምስት ሸሚዞች፣ ሁለት ባለ ኮሌታ ቲሸርቶች፣ ያ አንድ ኮትና ሁለት የዋና ልብስ ነው። የዋና ልብሱ ሁለት እንዲሆን የመከርሁህ በእርጥበቱ ምክንያት አንዱ እስከ ማግሥቱ ስለማይደርቅ ነው። ሽርጥህንም አትተው። ለካቢን፣ ማለትም መርከቡ ላይ ለምታድርበት ክፍል፣ ይመቻል፣ ከዋና ስትወጣም በላዩ ታገለድመዋለህ፤ ወደ ምግብ አዳራሽ ግን ይዘኸው አትግባ።

ስለ ማታው ልብስ የጠየቅኸው ተገቢ ሥጋት ነው። የዕለቱ አለባበስ በየቀኑ ከሚደርስህ ፕሮግራም ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። በአዘቦት ምሽት ረጅም ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይበቃል፤ በብዙ መርከቦች ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ማታ ቁምጣና ነጠላ ጫማ አይቀበልም፣ ራስህ እያነሣህ የምትበላበት አዳራሽ ግን ቀለል ይላል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የክብር ምሽት ይኖራል፤ ለዚያ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ኮትና ከረባት በአብዛኛው መርከብ ላይ ያለ ችግር ያስገባሃል። ለዚህ ብለህ ከባድ የሱፍ ሙሉ ልብስ አትሸከም። እኔ በሁለተኛው የክብር ምሽት የሸማ እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሼ፣ ጥለት ያለው ነጠላ ደርቤ ገባሁ። የአንዳንድ ኩባንያዎች መመሪያ የአገር ባህል ልብስን ከሙሉ ልብስ እኩል የሚቀበል ሲሆን፣ እኅትህ ከቲኬቱ ጋር የተላከላትን መመሪያ አስቀድማ ታንብብልህ። በዚያች ምሽት የተሰማኝን ክብር በየትኛውም ኮት አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። በተሳፈርንበት ቀን ሻንጣችንን ወደቡ ላይ ተቀብለውን ወደ ካቢናችን እንደሚያደርሱ ነገሩን፤ እኔም በእጄ ፓስፖርቴንና ስልኬን ብቻ ይዤ ገባሁ። ሻንጣዬ ግን ወደ ምሽት ድረስ አልመጣም። ሰው ሁሉ ሲዋኝ እኔ በአውሮፕላን በለበስሁት ወፍራም ጂንስና በተዘጋ ቆዳ ጫማ ገንዳው ዳር ተቀምጬ ዋልሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ጉዳዩ ስንፍና አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠር ሻንጣ ተፈትሾ በየካቢኑ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ በእጅ ቦርሳህ የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለማታ የሚሆን አንድ ሸሚዝና መድኃኒትህን ያዝ። ሁለተኛው ነገር ካውያ ነው። ከድሬ ይዤው የሄድሁትን ትንሽ ካውያ በፍተሻ ላይ አግኝተው ወሰዱት፣ የመለሱልኝም በመጨረሻው ቀን ነው። በመርከብ ላይ ከእሳት የሚከፋ አደጋ ስለሌለ ካውያ ይዞ መግባት በአብዛኛው የተከለከለ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሸሚዙን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስቀለው፣ ሙቅ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ልቀቅ፣ በሩን ዝጋ፤ እንፋሎቱ እጥፋቱን ካላላው በኋላ ከትከሻው ወደ ታች በእጅህ እየሳብህ አስተካክለው። ኮቱን ስታጥፍ ደግሞ አንዱን ትከሻ ገልብጠህ ሌላውን በውስጡ አስገባ፤ ገበሩ ወደ ውጭ ስለሚሆን ጨርቁ አይጎዳም።

መርከቡ በመጨረሻ ወደ ቺቪታቬኪያ ሲመለስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘህ ሮም ትገባለህ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንን ለማየት ካሰብህ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ በዚያ ቀን ቁምጣ አትልበስ፤ በር ላይ የተመለሱ ወጣቶች አይቻለሁ። በፓሌርሞም የምትጎበኛቸው ካቴድራሎች ስላሉ ቀላል የሊነን ሱሪ ቀኑን ሙሉ ይመችሃል።

ጫማ ሦስት ይበቃል። ማሰሪያ የሌለው ቡናማ የቆዳ ጫማ ለማታ፣ ጎማ ሶል ያለው ነጭ የሸራ ጫማ ለቀን፣ ነጠላ ጫማ ለገንዳ። ሶሉ ለስላሳ ቆዳ የሆነ ጫማ በረጠበ ሰገነት ላይ ያንሸራትታል። ባርኔጣ ከያዝህ ነፋሱ እንዳይወስድብህ ውስጡ ጠበቅ ያለ ላስቲክ ያለውን ምረጥ።

ሐረር ልታሰፋ ከወሰንህ በዓል ሲቃረብ ልብስ ሰፊዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ሂድ፤ ጨርቁን ቀድመህ ዘፍዝፈህ፣ መርከቡ ላይ የምታደርገውንም የቆዳ ጫማ ተጫምተህ ሂድ፤ የሱሪው ርዝመት የሚለካው በእርሱ ላይ ነው።