ካህን በሌለበት ዓለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታ በስልኬ አንድ ልቦለድ አንብቤ ጨረስኩ። ክርስቲያኖች በመንኮራኩር ሄደው ሩቅ ፕላኔት ላይ ይሰፍራሉ። ከጊዜ በኋላ ካህናቱ ያልቃሉ፣ ከምድርም ጋር ይቆራረጣሉ። በመጨረሻ ዕጣ ተጣጥለው ከመካከላቸው አንዱን ይሾሙና እዚያው የበቀለ ሥር ጋግረው ይቆርባሉ። ይህ ቁርባን ነው? ጾሙንስ በምን ይቆጥሩታል? እኔም ከቆረብኩ አራት ዓመት ሆኖኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ደጋግሜ አነበብኳት። እመለስባታለሁ።

ልቦለዱን በማንበብሽ አትጨነቂ። ስለ ቁርባኑ ግን ቁርጡን ልንገርሽ፤ ቁርባን አይደለም። ክህነት ከሐዋርያት ጀምሮ በአንብሮተ እድ፣ ማለትም እጅ በመጫን፣ የመጣ ነው። ጳጳስ ከሌለ ቄስም ዲያቆንም አይሾምም። ማትያስስ በዕጣ አይደል የተመረጠው ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕጣውን የጣሉት ግን ሐዋርያት ነበሩ።

ይህ ጭንቀት ለእኛም አዲስ አይደለም። ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር። አቡኑ ሲያርፉ ምትክ እስኪገኝ ዓመታት ይቆጠራሉ። አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪገቡ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይተናል። ጳጳስ ሲገኝ ትንንሽ ልጆችን ሳይቀር ለድቁና ይዞ መሮጥ የተለመደው ለዚህ ነበር።

ካነበብሽው ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን የጃፓን ክርስቲያኖች ታሪክ ነው። ካቶሊኮች ናቸው፤ ከእኛ ይለያሉ። ቢሆንም ታሪካቸውን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1614 ክርስትና በአገሩ ሁሉ ታገደ። የመጨረሻው ካህን በ1644 ሞተ። ከዚያ በኋላ ናጋሳኪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን በድብቅ ኖሩ። ከመካከላቸው አንዱ ልጆችን ያጠምቃል፣ ሌላው ቀን ይቆጥራል። ጸሎቱን ከአባት ለልጅ በቃል አስተላለፉ።

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1865 ጥቂት የኡራካሚ መንደር ሰዎች ናጋሳኪ ውስጥ አዲስ ወደተሠራ ቤተ ክርስቲያን መጡ። አንዲት ሴት ፈረንሳዊውን ቄስ ጠጋ ብላ የእኛም ልብ እንደ እርስዎ ልብ ነው አለችው። የእመቤታችን ምስል የት እንዳለም ጠየቀችው። ቀጥለውም አሁን የሐዘኑ ወቅት ላይ ነን፣ ዛሬ 17ኛው ቀን ነው አሉት፤ ዐቢይ ጾምን ማለታቸው ነው። ልክ ነበሩ! የዚያ ዓመት ጾማቸው የገባው ማርች 1 ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያርማቸው ሰው ሳይኖር ቀኑ አልጠፋባቸውም።

ለሁለተኛው ጥያቄሽም መልሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለምሳሌ ማርስ ላይ አንድ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። በየ36 ቀኑ ገደማ ከእኛ አንድ ቀን ይዛነፋል። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው ፀሐይዋን ሳይሆን የእናት ቤተ ክርስቲያኑን አቆጣጠር ይከተል ባይ ነኝ። እስራኤላዊው የጠፈር ተጓዥ ኢላን ራሞን እ.ኤ.አ. በ2003 ጠፈር ላይ ሳለ ፀሐይ በየ90 ደቂቃው ትወጣበት ነበር። ረቢዎቹን ጠይቆ ሰንበትን መንኮራኩሩ በተነሣበት በኬፕ ካናቬራል ሰዓት ቆጠረ።

አሁን ወደ አራቱ ዓመትሽ ልመለስ። ቁርባን መራቡ ራሱ እምነትሽ በሕይወት እንዳለ ያሳያል። በእጅሽ ያለውን አትልቀቂ፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ውዳሴ ማርያምሽን፣ ስትተኚ ማማተቡን። ሥጋ ካቀረቡልሽ በትሕትና ዳቦውን ብቻ ብዪ፤ ካስገደዱሽ ደግሞ እግዚአብሔር ያለሽበትን ያውቃል። ለንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው፣ ምንም አትደብቂያቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በቁም ሣጥንሽ በር ውስጠኛ በኩል በየቀኑ አንዳንድ ሰረዝ አስምሪ። 55 ሰረዝ ነው። አሠሪዎችሽ ምን እንደሆነ አያውቁትም፤ አንቺ ግን ስንተኛው ቀን ላይ እንዳለሽ ታውቂያለሽ።