ካሜራ ተገጠመ፣ መልቀቂያ ፈርሙ ተባልን

ጥያቄ፦ በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የታጠበ ጠርሙስ በመመርመር 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የሚመረምር ካሜራ ስለተገጠመ 14 ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ልንሰናበት ነው። በፋብሪካው ያለነው 130 ሠራተኞች ነን። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለን ከፈረምን የ1 ወር ደመወዝ እንደሚሰጡን ነግረውናል። ልፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ። ከፈረሙ አሠሪው አሰናበተኝ ማለትዎ ይቀርና እርስዎ ለቀቁ ይባላል። ኋላ ችሎት ፊት «ተገድጄ ነው» ቢሉ እንኳ ማስረዳቱ የእርስዎ ሸክም ነው።

ካሜራ ማስገባቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ መጠቀምን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አድርጎታል። ከኋላው መብራት በበራ ጠርሙስ ላይ ሲያፈጥ የዋለ ዐይን እንዴት እንደሚፈዝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። «ሰው ይሻላል» ብለን ብንከራከር አንረታም።

የሚያዋጣን ቁጥሩ ነው። ከ130 ሠራተኛ 10 በመቶው 13 ነው፤ እናንተ 14 ናችሁ። ስለዚህ ጉዳዩ በአንቀጽ 29 መሠረት «የሠራተኛ ቅነሳ» ነው። በቅነሳ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቻችሁ ጋር መመካከር፣ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠትና የስንብት ክፍያ መክፈል አለበት። የቀን ደመወዝዎ 200 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 6,000 ብር፤ ለቀሪዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ 10,000 ብር፤ ቅነሳ በመሆኑ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን፣ 12,000 ብር። 28,000 ብር መጣ። የ1 ወር ደመወዝ እንስጣችሁ ያሏችሁ ለምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ካሜራው የጣለውን ጠርሙስ ማን ነው መልሶ የሚያየው? ለዚህ ሥራ የሚቀር ሰው ካለ ምርጫው በችሎታና በምርታማነት እንጂ በአለቃ ወዳጅነት አይደለም። እናንተን ሸኝቶ በሳምንቱ እዚያው ቦታ የቀን ሠራተኛ ቢያቆም «ቴክኖሎጂ ነው ምክንያቱ» የሚለው መከላከያው ይፈርሳል። ማን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ይመዝግቡ፤ የሚመሰክር የሥራ ባልደረባም ያስቡ።

የስንብት ደብዳቤው ሲደርስዎ ቀኑን ይያዙ። ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ክስ ያለዎት 3 ወር፣ ለክፍያ 6 ወር ብቻ ነው።