ከሰበታ ለደረሰን ጥያቄ፦ ሼፍ ለመሆን እጅ መጣፈጡ ብቻ ይበቃል?

ውድ ጠያቂያችን፤

በሰበታ እናትሽ በከፈቱት ምግብ ቤት እያገዝሽ እንዳደግሽ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ዩኒቨርሲቲ እንዳላስገባሽና ደንበኞች «እጅሽ ይጣፍጣል» ስለሚሉሽ በትልቅ ሆቴል ሼፍ ለመሆን እንዳሰብሽ ገልጸሽ፣ ምን ዓይነት ችሎታና ጠባይ እንደሚጠበቅብሽ ጠይቀሻል።

የእጅ ጣዕም ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም ሆቴል ለሼፍ ደመወዝ የሚከፍለው በዋናነት ማክሰኞ የወጣው ምግብ፣ ሠርግ በተደራረበበት ቅዳሜም በዚያው ጣዕም፣ በዚያው መጠንና በተባለው ሰዓት እንዲወጣ ነው። እናትሽ በርበሬውንም ጨውንም በግምት ቢጨምሩ አይሳሳቱም፤ ምክንያቱም ከድስቱ አጠገብ ሁልጊዜ ያሉት እርሳቸው ናቸው። በሆቴል ግን አንቺ የጀመርሽውን ወጥ የማታው ፈረቃ ሠራተኛ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ ሽሮ ሲሠሩ ከጎናቸው ቆመሽ፣ ድስት ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አስቀድመሽ በሚዛን እየለካሽ ጻፊ (መጀመሪያ ላይ ሊቆጡሽ ይችላሉ)፤ ከዚያም ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሌላ ሰው ይሥራው። ጣዕሙ ከተለየ የጎደለውን ፈልጊና አስተካክዪ።

የማብሰያ ሰዓትንም ከውጭ መጻሕፍት እንዳለ አትቀበዪ። አካባቢያችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ባቄላም ሆነ ጠንካራ ሥጋ መጽሐፉ ከሚለው በላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ንጽሕናን በተመለከተ እጅ መታጠብና ነጭ ሽርጥ መልበስ በቂ አይደሉም። ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ፣ በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ እንደተከደነ ውጭ ማደር የለበትም፤ ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች ተከፋፍሎ ቶሎ መቀዝቀዝና ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ጥሬ ዶሮ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋም ሳይታጠብ ሰላጣ ሊነካ አይገባም። በእኛ አገር ደግሞ የጾም ጉዳይ አለ፦ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካ ጭልፋ ወደ ጾም ሽሮ ቢገባ፣ እንግዳው የሚያየው እንደ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ብዙ ጎበዝ አብሳዮች ወደ ኃላፊነት እንዳያድጉ የሚያደርጋቸው ሒሳብ ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሥጋ በኪሎ 700 ብር ገዝተሽ፣ አጥንትና ጅማቱ ሲወጣ 7 ኪሎ ቢቀርሽ፣ የሥጋው እውነተኛ ዋጋ በኪሎ 1,000 ብር ሆኗል። የሜኑ ዋጋ በ700 ብር ከተሰላ፣ ምግቡ በተሸጠ ቁጥር ምግብ ቤቱ ሊከስር ይችላል። ዋና ሼፍ ቀኑን በድስት ዙሪያ ብቻ አያሳልፍም፤ ግዢ ያዝዛል፣ የሠራተኛ ፈረቃ ይመድባል፣ የሚጣለውንም ይቆጣጠራል።

ከጠባይ አንጻር የምለው አጭር ነው፦ ረጅም ሰዓት መቆምን፣ ሙቀትንና በጥድፊያ መካከል የሚሰጥ ትእዛዝን ሳያኮርፉ መቀበል ግድ ነው።

ለሥልጠና በአቅራቢያሽ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ጠይቂ፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ካተሪንግ» የሚለው የቱሪዝም ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩትም አዲስ አበባ ውስጥ በምግብ ዝግጅት ያሠለጥናል። ሥልጠናውን ስትጨርሺ የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን፣ ሳትዘገዪ ውሰጂ። የመጀመሪያ ሥራሽ ዕቃ ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ቢሆን አትናቂው፤ በዚያ ቦታ ሆነሽ ኦርደር እንዴት እንደሚገባና ማን ምን ቀድሞ እንደሚያዘጋጅ በነጻ ታያለሽ።

በመጨረሻም ለከተማ ዳር ነዋሪ ከደመወዝ እኩል የሚመዝን ጉዳይ አለ። የማታ ፈረቃ የሚያበቃው ወደ ሰበታ የሚሄድ ታክሲ በማይገኝበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ውል ከመፈረምሽ በፊት ሆቴሉ ለማታ ሠራተኞች ሰርቪስ እንዳለውና መኪናው እስከ የት እንደሚያደርስ በግልጽ ጠይቂ።