መልስ፦ እስክንድር ነጋ ወደ ፖለቲካ የገባው መቼ ነው?

ወንድሜ፣ እስክንድር መቼ ጋዜጠኝነቱን ትቶ ፖለቲከኛ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ መጀመሪያ ያወቅኩት በጽሑፉ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተን ነበር የምናነበው። ሳንቲም ትሰጣለህ፣ በዚያ ብርድ ጋቢህን ተከናንበህ ቆመህ ታነባለህ፣ ቶሎ ትመልሳለህ፤ ከእጅ እጅ ሲዞር ውሎ የወረቀቱ ጠርዝ ያልቅ ነበር።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከባለቤቱ ከጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ጋር ታሰረ፣ ልጃቸውም እስር ቤት ተወለደ። ይሄ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። በ2004 እንደገና ታሰረ፣ በሽብር ተከሶም 18 ዓመት ተፈረደበት። የተፈታው የካቲት 2010 ነው።

ፖለቲካው በግልጽ የመጣው በ2011 እሱ የሚመራው የባልደራስ ምክር ቤት ሲመሠረት ነው። ምክር ቤቱ የአዲስ አበባን ጥያቄ፣ ማለትም ነዋሪው ከተማውን ራሱ ያስተዳድር የሚለውን፣ ይዞ ተነሳ፣ በኋላ ፓርቲ ሆነ። በእኔ እይታ ግን ሰውዬው አልተለወጠም፣ ጋዜጣ ላይም የሚጽፈው ስለ ሥልጣንና ስለ መብት ነበር። ሰኔ 2012 ታሰረ። በ2013 ምርጫ እስር ቤት ሆኖ እጩ የሆነው ፍርድ ቤት ፈቅዶለት ነው። የተፈታው በ2014 የገና ዕለት ነው።